ከሳጥኑ ወዲህ ነው ከሳጥኑ ወዲያ?

ጥያቄና መልስ፦ የቤት ዋይፋይ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሾቹ «ውድ ወንድሜ» ብለው ይጀምራሉ። እህታችሁ ነኝ። ራውተር ስተክል፣ ገመድ ስጎትት፣ መሰላል ስወጣ ስወርድ አሥራ ሰባት ዓመት ሞላኝ፤ አሁንም በር ከፍተው ከኋላዬ ሌላ ሰው የሚፈልጉ አሉ። «ባለሙያው መኪና እያቆመ ነው?» የምትለኝም አትጠፋም። ቅር አይለኝም፤ ቡናው ሲደርስ ሁሉም ይረሳል። ወደ ጥያቄዎቹ።

«ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ባለ ሁለት መኝታ። ፋይበር ካስገባን ስምንት ወር ሆነን። ሳሎን ውስጥ ጥሩ ነው። ልጄ መኝታ ቤት በሩን ዘግታ ስታጠና ግን ይንቀረፈፋል፤ ማታ ማታ ጭራሽ ይቆማል። ከ10 ሜጋ ወደ 20 ላሳድገው?» — አ.፣ ከጀሞ

ሜጋውን ለጊዜው አይንኩት።

የሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ችግሩ ከሳጥኑ ወዲህ ነው ከሳጥኑ ወዲያ? ሳጥን የምለው ራውተሩን ነው። ከሳጥኑ ወዲያ ያለው ከግድግዳው ወጥቶ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ በመንገዱ የሚሄደው መስመር ነው፤ እሱ ላይ እርስዎም እኔም ሥልጣን የለንም። ከሳጥኑ ወዲህ ያለው ደግሞ ከአንቴናው እስከ ልጅዎ ስልክ ያለው አየር ነው፤ እሱ የቤትዎ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው የወዲህኛውን በሽታ በወዲያኛው መድኃኒት ሊያክም ይሄዳል። ወርሃዊ ክፍያው ያድጋል፣ መኝታ ቤቱ እንደነበረው ይቀራል።

መለየቱ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ላፕቶፕ ከጎረቤትም ቢሆን ይዋሱ። ከራውተሩ ጋር በመጣው አጭር ገመድ ከጀርባው ካሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ያገናኙት። የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጥፉ፤ የቤቱን ስልክ ሁሉ ዋይፋይም ያስጠፉ። ከዚያ ፍጥነት መለኪያ ከፍተው ይለኩ። የሚቆመው ማታ ነው ስላሉኝ ቀን ለክተው አይርኩ፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይድገሙት። በገመድ 9 ወይም 10 ከሰጠዎት መስመሩ ጤነኛ ነው፣ ጣጣው ወዲህ ነው። በገመድም 2 እና 3 ከሆነ ቁጥሩን ከነሰዓቱ ወረቀት ላይ ይጻፉና ደውለው አቤት ይበሉ፤ «ይንቀረፈፋል» ከሚል ሰው ይልቅ «ማታ 2፡10 ላይ በገመድ 2 ነጥብ 3» የሚል ሰው ይሰማል።

በነገራችን ላይ 10 ሜጋ ማለት በሰኮንድ 10 ሜጋቢት ነው። ፊልም ስናወርድ የምናየው አንድ ሜጋባይት ግን የአንድ ሜጋቢት ስምንት እጥፍ ነው። ስለዚህ 100 ሜጋባይት ቪዲዮ በ10 ሜጋ መስመር ቢፈጥን ቢፈጥን 80 ሰኮንድ ይወስዳል። «ተጭበረበርኩ» ብለው ከሚደውሉልኝ ሰዎች ስንቱ በዚህች ሒሳብ እንደተረታ!

አሁን ወደ ወዲህኛው። ራውተሩ የት ነው ያለው? አልነገሩኝም፣ ልገምት፦ ቡፌ ውስጥ። ባለፈው ሰኔ የገባሁበት ቤት እንዲሁ ነበር። ቡፌው ትልቅ፣ ጀርባው መስታወት፣ ራውተሩ በብርጭቆዎቹና በሠርግ ፎቶው መካከል ተሸጉጧል። ይባስ ብሎ በላዩ ላይ ነጭ ዳንቴል ተነጥፎበታል። ዳንቴሉን ሳነሳው ሳጥኑ እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹን የሸፈነው እሱ ነው። የመስታወቱ ጀርባ ደግሞ ስስ የብረት ቅብ ነው፤ ብረት ሞገድን አያሳልፍም፣ ይመልሰዋል። ሞገዱ ወደ መኝታ ቤት ሊሄድ ሲነሳ መስታወቱ ወደ ሳሎን ይመልሰዋል ማለት ነው። ሳጥኑን አውጥቼ ቡፌው አናት ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅኩና አስቀመጥኩት። ከመኝታ ቤት ልጅቷ «መጣ! መጣ!» ስትል ተሰማ። እናትየው ግን ዳንቴሉን ይዘው ቆመዋል፤ «እንዲህ ራቁቱን ሊቀመጥ ነው?» አሉኝ። ከአበባ ማስቀመጫው ሥር እንዲያነጥፉት ተስማማን።

የፋይበር ቤት ከሆነ ሳጥኑን ሲያነሱ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ቀጭኗ ገመድ ውስጧ ብርጭቆ ነው። ትጠቀለላለች እንጂ አትታጠፍም፤ በሻይ ማንኪያ ውፍረት ካጠፏት ብርሃኑ ያመልጣል፤ ሳጥኑ ላይም ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ያ ቀይ መብራት «ብርሃን አልደረሰኝም» ማለት ነው። ነቅለው ጫፏን በዓይንዎ አይዩ፤ የሚያልፍባት ጨረር አይታይም፣ ዓይን ግን ይጎዳል።

«ማታ ማታ ይቆማል» ያሉት ሌላ ጉዳይ ይመስለኛል። ማታ የሕንፃው ሰው ሁሉ ቤቱ ይገባል። ስልክዎን ይዘው ኮሪደር ላይ ይቁሙና የሚታዩትን የዋይፋይ ስሞች ይቁጠሩ። እኔ በአንድ የጀሞ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ 23 ቆጥሬያለሁ። እነዚያ ሁሉ በአንድ ጠባብ ሜዳ ላይ ድንኳን ሊተክሉ የመጡ ናቸው ብለው ያስቡ። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሜዳ ላይ ሳይነካኩ የሚተከሉት ሦስት ድንኳኖች ብቻ ናቸው፦ ቻናል 1፣ ቻናል 6 እና ቻናል 11። ቻናል 3 ላይ የተከለ ሰው የ1ንም የ6ንም ካስማ ይረግጣል። ራውተር «አውቶ» ላይ ሲተው አንዳንዴ ጥሩ ይመርጣል፣ አንዳንዴ ዘሎ 3 ላይ ይቀመጣል።

ለመቀየር ከራውተሩ ጋር በተገናኘ ስልክ ወይም ላፕቶፕ አሳሹን ይክፈቱና አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ 192.168.1.1 ብለው ይጻፉ። የፋይበር ሳጥን ከሆነ ብዙ ጊዜ 192.168.100.1 ነው፤ ሳጥኑን ገልብጠው ሆዱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቢያዩ ከነስሙና ከነፓስወርዱ ተጽፏል። ገብተው የገመድ አልባውን ገጽ፣ ከዚያ ቻናሉን ይፈልጉ። ከሦስቱ ብዙ ጎረቤት የሌለበትን ይምረጡ። የቻናሉን ስፋት ደግሞ ከ40 ወደ 20 ዝቅ ያድርጉት፤ በተጨናነቀ ሕንፃ 40 ማለት ሁለት ድንኳን ብቻዬን ልያዝ ማለት ነው።

ራውተርዎ ባለ 5 ጊጋ ኸርዝም ከሆነ ከራውተሩ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ የሚሠሩትን፣ ማለትም ቴሌቪዥኑንና ላፕቶፑን ወደዚያ ያዛውሩ። እሱ ፈጣን ነው፣ ሜዳውም ሰፊ ነው፤ ግድግዳ ግን አይወድም። ሁለት ብሎኬት ግድግዳ አልፎ ለሚደርስ 2.4 ይሻላል። (ስሙ መጨረሻ ላይ «5ጂ» የሚል አይታችሁ የስልኩ አምስተኛ ትውልድ የመሰላችሁ፣ አይደለም።)

«የግቢዬን ሦስት ክፍሎች አከራያለሁ። ኢንተርኔቱን ከኪራዩ ጋር ነው የማስከፍለው። ሰሞኑን ግን እኛ ራሳችን መጠቀም አቅቶናል። ተከራዮቹ ለጎረቤት ሰጥተው ይሆን? እንዴት አውቃለሁ? ፓስወርዱን ስቀይር ደግሞ በሁለት ቀን እንደገና እንዲያው ነው።» — ጡረተኛ፣ ከገርጂ

አባቴ፣ ሊሰጡም ይችላሉ፤ ሳያውቁትም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አንድሮይድ 10 ጀምሮ ያሉት ስልኮች የዋይፋይ ፓስወርድን ወደ ካሬ ኮድ (QR) ቀይረው ለሌላ ስልክ ያሳያሉ። ፓስወርዱን ለማንም ባይናገሩት እንግዳ መጥቶ ካሜራውን ደቅኖ ይሄዳል።

ማን እንዳለ ለማየት ከላይ በነገርኩት መንገድ የራውተሩን ገጽ ይክፈቱ፤ የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር አለ። አንድ ደንበኛዬ ቤት ስንከፍተው አሥራ ዘጠኝ ወጣ። ቤተሰቡ አራት፣ ተከራይ አምስት። ሰውየው ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ «የእኔ ስልክ፣ የልጄ፣ ቴሌቪዥኑ…» እያሉ አሥራ ሦስት ደረሱና ዝም አሉ። ስድስቱ እንግዶች ነበሩ።

የማላውቀውን ስልክ በቁጥሩ ላግደው የሚል ሐሳብ ይመጣብዎታል። አያድክምዎ። አዳዲስ ስልኮች ለየዋይፋዩ የውሸት መለያ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ያገዱት ስልክ ዋይፋዩን ረስቶ ሌላ ቁጥር ለብሶ ሊመጣ ይችላል። የራስዎን ልጅ አግደው እንግዳውን ትተው የሚቀሩበት ጊዜም አይጠፋም።

የሚሠራው ይኸ ነው። አብዛኞቹ ራውተሮች «የእንግዳ ኔትወርክ» የሚባል ሁለተኛ ስም ለመፍጠር ይፈቅዳሉ። ለተከራዮቹ እሱን ይስጧቸው፤ የቤትዎ ሌላ ይሁን። ራውተርዎ የፍጥነት ልክ ማበጀት የሚፈቅድ ከሆነ ለእንግዳው ኔትወርክ ከ10 ሜጋው 5ቱን ይመድቡለት። ፓስወርዱን በየወሩ፣ ኪራይ በተከፈለ ዕለት ይቀይሩትና በወረቀት ጽፈው ከደረሰኙ ጋር ይስጧቸው። ያኔ ለጎረቤት የሰጠ ተከራይ የሚሻማው ከራሱ 5 ሜጋ ነው፤ ጎረቤቱን ተከራዮቹ ራሳቸው ይቆጣጠሩታል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የዋይፋዩ ፓስወርድ እና የራውተሩ ገጽ ፓስወርድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የገጹ ከፋብሪካ እንደመጣ «አድሚን» ከሆነ ተከራይዎ ገብቶ አዲሱን የዋይፋይ ፓስወርድ ያነበዋል። «በሁለት ቀን እንደገና» ያሉኝ ለዚህ ይመስለኛል። መጀመሪያ የገጹን ይቀይሩ። ከዚያ የጥበቃውን ዓይነት ዳብሊው ፒ ኤ 2 ያድርጉት፤ 3 ካለው 3። ዌፕ የሚባለው አሮጌው እ.ኤ.አ. በ2001 የተሰበረ ነው፤ በር ላይ ክር እንደማሰር ነው። ዳብሊው ፒ ኤስ የሚባለውን፣ ቁልፍ ተጭኖ የሚያገናኘውን፣ ያጥፉት፤ ስምንት አሃዝ ያለው ቁጥሩ በግማሽ በግማሽ ስለሚፈተሽ ከመቶ ሚሊዮን ሙከራ ይልቅ በ11,000 ሙከራ ይገኛል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2011 የታወቀ ነው፤ ቁልፉ ግን ዛሬም በብዙ ራውተር ላይ አለ።

የገጹን ፓስወርድ ከረሱ ደግሞ፣ እባክዎ፣ በመርፌ ያቺን «ሪሴት» የምትባል ትንሽ ቀዳዳ ለመውጋት አይቸኩሉ። አሥር ሰኮንድ ከተወጋች ራውተሩ ሁሉን ይረሳል፤ ከመስመሩ ጋር የሚያገናኘውን የአካውንት ስምና ፓስወርድ ጭምር። ያ ሲገባ የተሰጠዎት ወረቀት ላይ ነው ያለው። ወረቀቱ በእጅዎ ከሌለ መጀመሪያ ይፈልጉት።

ለስሙ ግን ነፃ ነዎት። በአማርኛም መጻፍ ይቻላል፤ አንዳንድ ራውተር እምቢ ይላል እንጂ። ስም የሚፈቀደው 32 ባይት ነው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይበላል፤ ስለዚህ አሥር ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ። «ያለክፍያ አይገባም» ልክ ይገባል፤ ቆጥሬዋለሁ።

«እህቴ፣ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ከትልቁ ቤት ጀርባ ሰርቪስ ውስጥ ነው የምተኛው፣ 22 ሜትር ይርቃል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ግድግዳውም ግማሹ ቆርቆሮ ነው። ዋይፋይ አይደርሰኝም። አሮጌ ራውተር አለኝ። ሪፒተር ልግዛ ወይስ በሱ ይሆናል?» — ተማሪ

«እህቴ» በማለትህ መልሱ ረዘም ብሎልሃል።

ሪፒተሩን ተወው። ሪፒተር የሚሰማውን መልሶ የሚያወራ ነው፤ በአንድ አፍ ሲሰማም ሲያወራም ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በዚያ ላይ አንተ ያለኸው ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ቆርቆሮ ለዋይፋይ የተዘጋ በር ነው፤ ሪፒተሩን ውጭ ብትሰቅለው በሩ አልተከፈተም፣ ውስጥ ብታደርገው ራሱ አይሰማም። ገመድ ጎትት። ገመድ እስከ 100 ሜትር ያለ ጭንቀት ይሄዳል፤ 22 ምንም አይደለም። 30 ሜትር ግዛ፣ ዙሪያ ጥምጥም አለበት።

ስትገዛ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገህ እየው። ውስጡ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ቀዩ ተልጦ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠፈ ግን ይሰበራል። ሻጩ «ያው ነው» ይልሃል፤ ያው አይደለም። በግቢ ስታሳልፈው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርገው፤ ፀሐዩ ሽፋኑን ያደርቀዋል፣ ዝናቡ ተከትሎ ይገባል። ከመብራት ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ አታስገባው።

ጫፉን ራስህ የምትመታው ከሆነ ፕላጉን ምላሱ ወደታች፣ ገመዱ የሚገባበት አፍ ወደ አንተ አድርገህ ያዝ። ከግራ ወደ ቀኝ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ሰማያዊዎቹ አረንጓዴዎቹን ለያይተው መሃል እንደገቡ ልብ በል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ነው። ከተጠራጠርክ ሁለቱም ጫፍ የተመታ ገመድ ግዛ፤ ነውር የለውም።

አሁን ወደ አሮጌው ራውተር። እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልንገርህ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ራውተር አምጥቼ እንዲሁ ሰካሁት፣ ዋይፋዩ ብልጭ አለ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ። በማግሥቱ ጠዋት የቢሮው ግማሽ ኢንተርኔት የለውም፤ ግማሹ አለው። ከቀትር በኋላ ያለው የለውም፣ የሌለው አለው። ቀኑ ወር ማለቂያ ነበር፣ የደመወዝ ሠንጠረዡ ከሰርቨሩ አልወጣ አለ። «መስመሩ ነው» ብዬ ተከራከርኩ። መስመሩ አልነበረም። ጥፋቱ ከሳጥኑ ወዲህ ነበር፤ ያውም እኔ ያመጣሁት ሳጥን።

የሆነው ይህ ነው። ራውተር ለሚገናኝ መሣሪያ ሁሉ አድራሻ ያድላል፤ ሥራው ዲኤችሲፒ ይባላል። የቀበሌ ወረፋ ቁጥር እንደሚያድል ሰው ነው። በአንድ በር ላይ ሁለት ሰዎች እየቆሙ ቁጥር ቢያድሉ ሁለት ሰው 5 ቁጥር ይይዛል፣ ሌላው ደግሞ ወደሌለ መስኮት ይላካል። እኔ ያመጣሁትም ራውተር ቁጥር ማደሉን አልተወም ነበር።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትሳት። አሮጌውን ራውተር ከትልቁ ቤት ጋር ከማገናኘትህ በፊት ለብቻው አብራው፤ ከላፕቶፕህ ጋር በገመድ አገናኝና ገጹን ክፈት። ይሄኛውን በመርፌ ውጋው፣ የሚረሳው ነገር ስለሌለው ይሻላል። መጀመሪያ የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ የትልቁ ቤት እንዳለው አድርገህ ጻፍ፤ ስልክህ ከግቢ ግቢ ስትዘዋወር ራሱ ይቀያይራል። ቻናሉን የትልቁ ቤት 1 ከሆነ 11 አድርገው። ከዚያ ዲኤችሲፒውን አጥፋና አስቀምጥ። በመጨረሻ የራሱን አድራሻ ከ192.168.1.1 ወደ 192.168.1.2 ቀይር፤ ሁለት ቤት አንድ ቁጥር እንዳይኖረው። ይህን መጨረሻ ያልኩህ አድራሻው እንደተቀየረ ገጹ ስለሚጠፋብህ ነው፤ አትደንግጥ። (የትልቁ ቤት አድራሻ በ192.168.100 የሚጀምር ከሆነ አንተም 192.168.100.2 በል።)

ከዚያ ከትልቁ ቤት የመጣውን ገመድ ስካ። የት? «ዋን» (WAN) የሚለው፣ ቀለሙ ከሌሎቹ የሚለየው ቀዳዳ ይፈትንሃል። ተወው፣ ባዶ ይሁን። ከአራቱ ተመሳሳይ ቀዳዳዎች በአንዱ ስካ። በትልቁ ቤትም እንዲሁ ከተመሳሳዮቹ በአንዱ። ትንሿ መብራት ከበራች ገመድህ ጤነኛ ነው። ስልክህ ዋይፋዩን ይዞ ኢንተርኔት ከሌለ ዲኤችሲፒውን ማጥፋትህን ሳይሆን ገመዱ «ዋን» ላይ አለመሰካቱን ቀድመህ እይ፤ ከአሥር ሰው ስምንቱ እዚያ ነው።

«አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። እናታችን አዲስ አበባ ናቸው። እዚህ የማንጠቀምበት በጣም አሪፍ ራውተር አለ፤ በሻንጣ ብንልክላቸው ይሠራል?»

ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። የቴሌቪዥን ገመድ የሚጠመዘዝበት፣ መሃሉ ላይ መርፌ የሚገባበት ክብ ባለጥርስ ቀዳዳ ካለው አትላኩ። ያ የኬብል ሞደም ነው። እዚህ ወደ ቤት የሚገባው ፋይበር ወይም የስልክ መዳብ ነው፤ የእናታችሁ ግድግዳ ላይ የሚገጥመው ነገር የለም። በሲም የሚሠራ ከሆነም ብዙ ጊዜ ለሸጠው ኩባንያ የተቆለፈ ነው። አዲስ አበባ ከሳጥኑ ጋር የሚሰጥ የሲም ራውተር አለ፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ ደግሞ ከሁለት ኩባንያ መምረጥ ይቻላል፤ ገንዘቡን ብትልኩ ይሻላል።

ክብ ቀዳዳ የሌለው፣ የገመድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ራውተር ከሆነ ግን ይሠራል፤ ከተተከለው ሳጥን ኋላ ይሰካል። ቻርጀሩን አንብቡ፤ ግብዓት «100–240» ካለ መሰኪያ መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። «120» ብቻ ካለ እዚህ 220 ውስጥ በገባ ደቂቃ ይጨሳል። እናታችሁ ያኔ «የአሜሪካ ዕቃ ነው» ብለው ለጎረቤት ማሳየት የጀመሩትን ያቆማሉ።

«አዳማ ነው። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ትንሽ ባትሪ ብገዛ ኢንተርኔቱ ይቀጥላል? ወይስ መንገድ ላይ ያለውም አብሮ ይጠፋል?»

መልሱ ፋይበር ነው መዳብ በሚለው ይወሰናል። ፋይበር ከሆነ ከአንተ እስከ ጣቢያው ባለው መንገድ ላይ ያለው ማከፋፈያ መብራት አይፈልግም፤ ብርሃኑን ለብዙ ቤት የሚያከፋፍል ብርጭቆ ነው። ጣቢያው ባትሪና ጄኔሬተሩ ከሠራ የአንተ ሳጥን ሕይወት እስካለው ድረስ ኢንተርኔቱ አለ። መዳብ ከሆነ ግን መንገድ ላይ ያለው ካቢኔት ራሱ መብራት ይፈልጋል፤ የሱ ባትሪ እስኪያልቅ ብቻ ነው።

ለራውተር የተሠራች ትንሽ ባትሪ አለች፤ ከቻርጀሩና ከራውተሩ መሃል ትገባለች። ስትገዛ የቻርጀርህን ጽሑፍ ይዘህ ሂድ። ቮልቱ ልክ መሆን አለበት፣ 12 ከሆነ 12፣ 9 ከሆነ 9። አምፔሩ ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ካነሰ ግን ራውተሩ እየጠፋ ይበራል። ሰካካው መሃሉ ፖዘቲቭ መሆኑን የምታሳየዋን ትንሽ ሥዕልም አስተያይ። የባትሪዋ ሳጥን ላይ «10,000» ሚሊአምፔር-ሰዓት ብሎ የጻፈው ብዙ እንዳይመስልህ፤ ያ የሚቆጠረው በ3.7 ቮልት ስለሆነ 37 ዋት-ሰዓት ነው። 8 ዋት የሚበላ ራውተር ብክነቱ ተቀንሶ አራት ሰዓት አይሞላም። የፋይበሩ ሳጥንና ራውተሩ ሁለት ከሆኑ ሁለቱንም መመገብ አለብህ፤ አንዱን ብቻ አብርቶ «ዋይፋይ አለ ኢንተርኔት የለም» የሚል ደንበኛ በሳምንት አንድ አላጣም።

መብራት ሲመለስ ደግሞ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚመጣው ኃይል ልኩን አይጠብቅም። ባትሪ ከሌለህ ሲሄድ ንቀለው፣ ከመጣ አምስት ደቂቃ ቆይተህ ስካው። የተቃጠሉ ቻርጀሮች ካርቶኔ ውስጥ ሞልተዋል፤ ራውተሩ ደህና ሆኖ ቻርጀሩ ብቻ የሞተ ስንቱን ሰው አዲስ ራውተር አስገዝቶታል።

«እማዬ ማታ ልትተኛ ስትል ራውተሩን ከሶኬት ትነቅለዋለች። ይጎዳዋል?» — የአሥረኛ ክፍል ተማሪ

አይጎዳውም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ራውተር ጠዋት ሲበራ ረፍት ወስዶ የተነሳ ይመስላል። የሚጎዳው ሶኬቱ ነው፤ ገመዱን ይዘው ሲጎትቱት እየላላ ይሄዳል። ከሳጥኑ ኋላ ወይም ጎን ላይ ማጥፊያ ቁልፍ ካለ እሷን አሳያቸው። ማታ ጥናት አለብኝ ብለህ የምትከራከርበትን መልስ ከእኔ ፈልገህ ከሆነ ግን፣ ይሄኛው ከሳጥኑ ወዲህም ወዲያም አይደለም፤ እናትህን ጠይቃቸው።